የሩዶልፍ ዲዝል ሕይወትና ዘይት የሚበላው መኪናችን



በዚህ መጽሔት የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት መጻፍ የተለመደ ነው። ከእኔ በፊት የጻፉት ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታትን፥ የጦር መሪዎችንና የደራስያንን ታሪክ መርጠዋል። እኔ ግን ለዘንድሮው እትም የመረጥሁት አንድ መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው ሩዶልፍ ዲዝል ይባላል። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን በየቀኑ በደጃችን የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች፥ አውቶቡሶችና በአራቱም ጎማ የሚነዱ የገጠር መኪናዎች አብዛኞቹ የሚሄዱት እርሱ ባሰበው ሞተር ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ነዳጁን ናፍጣ ብለን ስለምንጠራው የሰውዬው ስም ብዙ ጊዜ ትዝ አይለንም።

እርሱን የመረጥሁበት ምክንያት የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ግቢ ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ ያንን በአጭሩ ልንገራችሁ።

የምንኖረው በለቡ መብራት ኃይል ነው። አባቴ በናፍጣ የሚሠራ፥ በአራቱም ጎማ የሚነዳ አሮጌ መኪና አላቸው። ወደ ገጠር ለሥራ የሚወጡ ሰዎችን በኪራይ ያመላልሱበታል። የምንበላው፥ የምንለብሰውና የእኔም የትምህርት ክፍያ ከዚሁ መኪና የሚገኝ ነው። ታዲያ አንድ ቅዳሜ የግቢያችንን ጥግ ሳጸዳ፥ ከአሮጌ ቆርቆሮ ሥር ተደብቀው የተቀመጡ ባለ አንድ ሊትር ባዶ የሞተር ዘይት ዕቃዎች አገኘሁ። ብቆጥራቸው አሥራ ሰባት ሆኑ። አባቴን ብጠይቃቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። ቆይተው ግን መኪናው ዘይት መብላት ከጀመረ አምስት ወር እንደ ሆነው ነገሩኝ፤ እናቴ እንዳትጨነቅ ብለው እንደ ደበቁአትና እኔም እንዳልናገር ለመኑኝ።

ምሥጢሩ ከበደኝ። የሞተሩን ነገር በደንብ ባውቅ አባቴን የምረዳ መስሎኝ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። የሞተሩን አሠራር ስፈልግ የፈልሳፊውን ሕይወት አገኘሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህንኑ ነው። የዲዝልን ታሪክ ዘመናት ሁሉ የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሩዶልፍ ዲዝል በማርች 18 ቀን 1858 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን አገር ከባቫርያ የመጡ ሰዎች ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር መጻሕፍት የሚጠርዙና ከቆዳ ልዩ ልዩ ዕቃ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያ ሲሆኑ፥ እናቱ ኤሊዘ ይባላሉ። ኑሯቸው ጠባብ ስለ ነበረ ሕፃኑ ሩዶልፍ አባቱ የሠሩትን ዕቃ በጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ በፓሪስ ወዳለው የእጅ ጥበብ ሙዚየም እየሄደ በእንፋሎት የሚሠሩትን የጥንት መኪናዎች ሲመለከት ይውል ነበር።

በ1870 ዓ.ም. በፈረንሳይና በፕሩስያ መካከል ጦርነት ተነሣ። በፓሪስ የሚኖሩ ጀርመናውያን ከተማውን ለቀው እንዲወጡ ስለ ተገደዱ የዲዝል ቤተ ሰብ ወደ ለንደን ተሰደደ። በዚያም ኑሮ ስላልተቃናላቸው የ12 ዓመት ልጃቸውን ብቻውን ወደ ጀርመን፥ ወደ አውግስቡርግ ከተማ ላኩት። በዚያ ተቀብለው ያሳደጉት የሒሳብ መምህር የነበሩት ዘመዱ ክሪስቶፍ ባርኒከልና ባለቤታቸው ናቸው። በዚህ ዕድሜ ከወላጆች ተለይቶ በሰው አገር መኖር ምን ያህል እንደሚከብድ ለማናችንም አይጠፋንም። ሩዶልፍ ግን ኀዘኑን በትምህርት አሸነፈው። ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን መቁረጡን ለወላጆቹ በደብዳቤ አስታወቀ።

በአውግስቡርግ ሳለ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አይቶ እንደ ነበር ይነገራል። ይህች መሣሪያ አየርን በቱቦ ውስጥ በፍጥነት በመጭመቅ ብቻ እሳት የምታቀጣጥል ናት። ነገሩ እንግዳ አይደለም። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ መንፊያው እጁ ላይ ሲሞቅ ተሰምቶታል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ አብዝቶ ሲጨመቅ ደግሞ እሳት እስኪያስነሣ ይግላል። ዛሬ በአባቴ መኪና ውስጥ የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው።

ወላጆቹ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ፈልገው ነበር። እርሱ ግን በ1875 ዓ.ም. የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ በሙኒክ ወዳለው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ካስተማሩት ሰዎች መካከል የማቀዝቀዣ መኪና በመሥራት ስሙ የታወቀው ካርል ፎን ሊንደ ይገኝበታል። አንድ ቀን ሊንደ ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስተምር፥ ከሚቃጠለው ከሰል ሙቀት ከመቶ አሥር እጅ የማይሞላው ብቻ ወደ ሥራ እንደሚለወጥና የቀረው ሁሉ በከንቱ እንደሚጠፋ አስረዳ። ወጣቱ ተማሪ ይህን ሲሰማ በጣም ተደነቀ፤ ይህን ብክነት የሚቀንስ ሞተር የመሥራትን ሐሳብ በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎ ያዘ። አንድ መምህር በክፍል ውስጥ የተናገረው ነገር የአንድን ተማሪ ሕይወት ሊመራ እንደሚችል ከዚህ እናያለን።

በ1879 ዓ.ም. የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ ሩዶልፍ በአንጀት ተስቦ ታመመና ሳይፈተን ቀረ። ነገር ግን ተስፋ አልቆረጠም። ሌላ የፈተና ጊዜ እስኪመጣ በስዊስ አገር በዊንተርቱር ከተማ በሱልዘር ፋብሪካ እየሠራ ቆየ። በ1880 ዓ.ም. ተፈትኖ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

ሐሳቡና የሙከራው ዓመታት

ከዚያ በኋላ ዲዝል በፓሪስ ለቀድሞ መምህሩ ለሊንደ የማቀዝቀዣና የበረዶ ፋብሪካ ሥራ ተቀጠረ። በ1883 ዓ.ም. ማርታ ፍላሸ የምትባለውን ወጣት አገባና ሦስት ልጆች ወለዱ። ቀን የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ይሠራል፤ በትርፍ ጊዜው ያንን የተማሪነት ሐሳቡን ያጠና ነበር። በመጀመሪያ በውኃ እንፋሎት ፋንታ በአሞንያ የሚሠራ ሞተር ለመሥራት ብዙ ዓመት ደከመ፤ አልተሳካለትም። በ1890 ዓ.ም. ከነቤተ ሰቡ ወደ በርሊን ከተዛወረ በኋላ ሌላ መንገድ ያዘ። ንጹሕ አየር በሞተሩ ውስጥ እስኪግል ድረስ ተጨምቆ፥ ነዳጁ በዚያ በጋለው አየር ላይ ቢረጭ ያለ ብልጭታ በራሱ ይነዳል ብሎ አሰበ። ለዚህ ሐሳብ በ1892 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በፌብሩዋሪ 1893 ዓ.ም. ተፈቀደለት። በዚሁ ዓመት ሐሳቡን የሚገልጥ መጽሐፍ አሳተመ።

ሐሳብና ሥራ ግን አንድ አይደሉም። በአውግስቡርግ ያለው የመኪና ፋብሪካና ታላቁ የክሩፕ ድርጅት ሊረዱት ተስማሙ። የመጀመሪያው ሙከራ በኦገስት 10 ቀን 1893 ዓ.ም. ተደረገ። ነዳጁ ሲረጭ በእርግጥ ነደደ፤ ነገር ግን ግፊቱ ከታሰበው በላይ ስለ ነበረ የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ስብርባሪው ተበተነ። ዲዝል ለጥቂት ከሞት ተረፈ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ተስፋ ይቆርጥ ነበር። እርሱ ግን አየር ሲጨመቅ ነዳጅ በራሱ መንደዱን ስላየ ደስ አለው፤ ሞተሩንም አሻሽሎ እንደ ገና ሠራው። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ዓ.ም. ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ኃይል ዞረ። የዞረው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር።

ከዚያች አንድ ደቂቃ በኋላ ገና ሦስት ዓመት የድካም ሥራ ቀርቶት ነበር። ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ የተጨመቀው አየር በፒስቶኑ ዙሪያ እያፈተለከ መውጣቱ ነበር። አየሩ ካመለጠ አይግልም፤ ካልጋለም ነዳጁ አይነድም። ስለዚህ ዲዝልና ረዳቶቹ ፒስቶኑን አጥብቆ የሚያሽገውን ቀለበት ደጋግመው ቀያየሩ። እያንዳንዱን ለውጥ ይለኩ፥ የለኩትንም ይጽፉ ነበር። በመጨረሻ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ዓ.ም. ሞሪትዝ ሽሬተር የተባለ የሙኒክ መምህር ሞተሩን በይፋ ፈተነው። ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 እጅ የሚበልጠው ወደ ሥራ መለወጡ ተረጋገጠ። ይህ ሊንደ በክፍል ከነገረው ከእንፋሎት ሞተር ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ ሰው ሥራ የተነገረ ይመስላል።

የናፍጣ ሞተር ዘይት የሚበላው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ከታሪኩ ለጥቂት ጊዜ ወጥቼ ስለ ሞተሩ አሠራር ልናገር። ለቡን ብቻ ሳይሆን በየሰፈሩ መኪና ያላቸውን ወላጆች ሁሉ የሚነካ ነገር ነውና።

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ እንዲህ ያለ ብልጭታ የለም። አየሩ ከ16 እስከ 22 እጥፍ ያህል ተጨምቆ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ከዚያ በኋላ ናፍጣው ይረጭበታል። ይህን ሁሉ ግፊት የሚይዙት መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሏቸው ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው። በአንድ ፒስቶን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ፋሻዎች ይገኛሉ። የላይኞቹ ግፊቱ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይከለክላሉ፤ የታችኛው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እየጠረገ ወደ ታች ይመልሳል። በግድግዳው ላይ የሚቀረው ዘይት እጅግ ስስ መሆን አለበት። ፈጽሞ ከጠፋ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ከበዛ ደግሞ ከናፍጣው ጋር አብሮ ይነድዳል።

እንግዲህ መኪና ዘይት በላ የሚባለው ዘይቱ በአንድ መንገድ ሲያልቅ ነው። በውጭ በኩል ሊያንጠባጥብ ይችላል። ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ሲበላ ወደ ላይ ያልፋል። በቫልቮቹ በኩል ሊሰርግ ይችላል። ቱርቦ ያለው ሞተር ከሆነ ቱርቦው ሲያረጅ ዘይቱን ወደ አየር መግቢያው ሊተፋ ይችላል። ሞተሩ የሚተነፍስበት ቱቦ ሲደፈንም ግፊቱ ዘይቱን ይገፋዋል። ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ ጥቁር ቢሆን በደንብ ያልነደደ ናፍጣ መኖሩን ያመለክታል። ሰማያዊ ቢሆን ግን የነደደው የሞተር ዘይት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በከተማችን ጥቁር ጢስ ቶሎ ይታያል፤ ብዙ ሰው ሰማያዊውንም ከዚያው ቈጥሮ ይዘነጋዋል።

አንድ አስገራሚ ነገር ልጨምር። በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቶ ነበር። ሞተሩ ልዩ ልዩ ዓይነት ዘይት ማንደድ መቻሉ ትልቅ በረከቱ ነው። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። የገዛ ዘይቱ በብዛት ወደ ውስጥ ከገባ ሞተሩ እርሱኑ እንደ ነዳጅ አንድዶ ይሮጣል፤ ቁልፉ ተዘግቶ ናፍጣ ቢቋረጥበት እንኳ ላይቆም ይችላል። እንዲህ ያለ ሞተር ራሱን እስኪሰብር ድረስ ይሮጣል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ አባቴ ሰው ጭነው የሚወርዱባቸው ገደላማ መንገዶች ታዩኝና ፈራሁ።

ዝናውና ዕዳው

አሁን ወደ ዲዝል ሕይወት ልመለስ። ከ1897 ዓ.ም. በኋላ ዝናው በዓለም ተሰማ። የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ሞተሩን ለመሥራት ፈቃድ ገዙ፤ ከአሜሪካ አዶልፈስ ቡሽ የተባለ የቢራ ፋብሪካ ባለቤት አንድ ሚሊዮን ማርክ ከፈለ። ዲዝል ገና 40 ዓመት ሳይሞላው ባለጠጋ ሆነ። በፓሪሱ ኤግዚቢሽን ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። በሙኒክም እጅግ ያማረ ቤት ሠራ።

የሞተሩ ሥራም እየሰፋ ሄደ። በ1912 ዓ.ም. በዲዝል ሞተር የምትሄደው ሴላንድያ የተባለች የዴንማርክ መርከብ ውቅያኖስ አቋረጠች። እርሱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሞተሩ በጭነት መኪናና በትራክተር ላይ ገባ። በአገራችንም ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ይሄድ በነበረው በአሮጌው የምድር ባቡር ላይ በ1950ዎቹ በእንፋሎቱ ፋንታ የናፍጣ ባቡር ተተካ። ኤሌክትሪክ ከውኃ ኃይል ባልደረሰባቸው ብዙ ከተሞችም መብራት የሚሰጠው የናፍጣ ጄኔሬተር ነበር። ስለዚህ መብራት ኃይል በተባለ ሰፈር የምንኖር ልጆች ይህን ሰው ብናስታውሰው የሚገባ ነው።

ነገር ግን ከውጭ የሚታየው ክብርና በውስጥ ያለው ኑሮ የተለያዩ ነበሩ። ብዙ የድካም ዓመታት ጤናውን ስለ ጎዱት በ1898 ዓ.ም. በሕክምና ቤት ተኝቶ ማረፍ ግድ ሆነበት። በፈጠራው መብት ላይ ክርክር ተነሣበት። ያገኘውን ገንዘብ በመሬትና በነዳጅ ዘይት ንግድ ላይ አውሎ አብዛኛውን ከሰረ። በሞተሩ ውስጥ አንዲት ፍሳሽ እንኳ ሳትለካ እንድታልፍ የማይፈቅደው ሰው፥ ከቤቱ የሚፈስሰውን ገንዘብ በጊዜው ለክቶ ለቤተ ሰቡ አልነገረም። ወለድ እየተጨመረ ዕዳው አደገ፤ እርሱ ግን በዚያው ባማረ ቤት እንግዳ እየተቀበለ ኖረ።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ዲዝል በ1903 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች መረዳዳት አንድ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ሠራተኞች ጥቂት ጥቂት ሳንቲም ወደ አንድ የጋራ ሣጥን እያዋጡ በኅብረት ካፒታል እንዲያገኙ ነው። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም፤ በዕቁብ የምናውቀው መረዳዳት የቅርብ ዘመዱ ነው። መጽሐፉ ግን ብዙ ገዢ አላገኘም። ለሰው ሁሉ መረዳዳትን የመከረ ሰው በራሱ ጭንቀት ጊዜ የማንንም እርዳታ አልጠየቀም።

መጨረሻው

በሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ዓ.ም. ማታ ዲዝል ከቤልጅግ ወደብ ከአንትወርፕ ድሬዝደን በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ወደ እንግሊዝ አገር ጉዞ ጀመረ። በዚያ የሞተር ፋብሪካ ጉዳይ የሚነጋገሩበት ስብሰባ ይጠብቀው ነበር። ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር እራት በላ፤ በመርከቡም ላይ ጥቂት ተንሸራሸሩ። ጠዋት በማለዳ እንዲቀሰቅሱት ነግሮ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። ሲነጋ ግን አልተገኘም። አልጋው አልተተኛበትም፤ ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቡ አጥር አጠገብ ተገኙ። ከአሥር ቀን ያህል በኋላ የሆላንድ መርከበኞች በባሕር ላይ አንድ አስከሬን አገኙ። ከልብሱ ያወጧቸውን ዕቃዎች ልጁ አይገን የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ፤ አስከሬኑ ግን በዘመኑ የባሕር ልማድ ወደ ባሕሩ ተመልሶ ነበር። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር።

ብዙዎች ራሱን ወደ ባሕር እንደ ጣለ ያምናሉ፤ ሌሎች አደጋ ነው፥ ወይም ሰው ጎድቶታል ይላሉ። እስከ ዛሬ ማረጋገጫ አልተገኘም። እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን በቤቱ የቀረው ነገር ነው። ለሚስቱ አንድ ሻንጣ ትቶላት ነበር። በውስጡም ከጥሬ ገንዘብ ጋር በባንክ ያለው ሒሳብ ባዶ መሆኑን የሚያሳዩ ወረቀቶች ነበሩ። ማርታ የቤቷን እውነተኛ ሁኔታ ያወቀችው ከወረቀት ነው፤ ያወቀችውም ባሏን የምትጠይቅበትና የምታጽናናበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

በእኛ ቤት የሆነው

ይህን ባነበብሁ ማታ ያ ሻንጣና በግቢያችን ጥግ ያሉት አሥራ ሰባት ዕቃዎች በሐሳቤ አንድ ሆኑብኝ። ለእናቴ ልንገር ብል የአባቴን ቃል ማፍረስ ሆነብኝ። ዝም ልበል ብል ደግሞ አልቻልሁም። በመጨረሻ ወደ አባቴ ሄጄ የዲዝልን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረክሁላቸው። ስለ ዘይቱ አንድም ቃል አልጨመርሁም። አባቴ አቀርቅረው ሰሙኝ፤ ታሪኩ ሲያልቅም ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። በማግስቱ ከራት በኋላ ለእናቴ ሁሉን ገለጡላት።

እናቴ የተቆጣችው በመኪናው መበላሸት አልነበረም። አምስት ወር ሙሉ ብቻቸውን በመጨነቃቸውና እርስዋን እንደ ባዕድ በመቁጠራቸው አዘነች። ከዚያ ግን ወረቀትና እርሳስ አምጥታ ሒሳብ ጀመረች። አባቴ የፈሩት ሞተሩን በአዲስ መለወጥ ነበር። መኪናውን ሸጦ ሌላ መግዛትም ቀላል አይደለም፤ በ2024 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን ጠብቆ መያዝ የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗል።

በሰፈራችን ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አረጋዊ መካኒክ አሉ። እርሳቸው ሞተሩን ወዲያው እናውርደው አላሉም። መጀመሪያ እንድንለካ አዘዙን። መኪናውን በለጥ ያለ ቦታ አቁመን፥ ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱ እስኪወርድ ጠብቀን፥ በመለኪያው ዘንግ ደረጃውን አየን። የጨመርነውን ዘይትና የተጓዝነውን ኪሎ ሜትር በደብተር ጻፍሁ። አንዳንድ የመኪና ሠሪዎች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ አንድ ሊትር ድረስ ይፈቅዳሉ ይባላል፤ የእኛ መኪና ግን ወደ ሁለት ሊትር ይጠጋ ነበር። በውጭ የሚያንጠባጥብ ነገር አልተገኘም። ቱርቦውም ደኅና ሆነ። ጋሼ የየሲሊንደሩን ግፊት ሲለኩ ሁለቱ ከሌሎቹ ዝቅ ብለው ተገኙ። ምክንያቱን ሲፈልጉ ደግሞ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከሥሩ ተሰንጥቆ አገኙት። ለካ የገጠሩ መንገድ አቧራ በዚያች ስንጥቅ እየገባ ፋሻውን እንደ ሞረድ ሲበላው ኖሯል!

ሞተሩ ወርዶ ፋሻዎቹ ተለወጡ፤ የተበላውም ሲሊንደር ተስተካከለ። መኪናው ስድስት ሳምንት ቆመ። እነዚያ ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። የእኔ ክፍያ ስለ ዘገየ እናቴ ራስዋ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዳ ሳታፍር ሁኔታውን አስረዳች፤ ጊዜም ተሰጠን። ለጥገናው የዋለው ገንዘብ አብዛኛው ከእርስዋ ዕቁብ የወጣ ነው። ተራው የሌላ ሴት ነበር፤ እናቴ ችግሯን ስትናገር ያቺ ሴት ተራዋን ለቀቀችላት። እኛ ባንናገር ኖሮ ይህን ደግነት ከየት እናገኝ ነበር?

ጋሼ ሲጨርሱ የነገሩን ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨናል። በመጀመሪያው ወር ብንመጣ ኖሮ ቱቦውን በጥቂት ገንዘብ ለውጠን አብዛኛውን ጉዳት ባዳንነው ነበር። ቀሪውን ሁሉ ያስከፈለን አቧራውና ዝምታው አንድ ላይ ሆነው ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባብያን፥ ከሩዶልፍ ዲዝል ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው ከትዕግሥቱ ነው። በታይፎ ምክንያት ፈተና ቢያልፈው ቆይቶ ተፈተነ፤ መለኪያው ቢፈነዳ እንደ ገና ሠራ፤ ሞተሩ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢዞር ሦስት ዓመት ጨመረበት። ሁለተኛው ከጉድለቱ ነው። ጉድለቱን የምጽፈው ልንቀው አይደለም፤ እርሱን የመሰለ ብልኅ ሰው የወደቀበት ጉድጓድ ለእኛ ለማናችንም ቅርብ ስለ ሆነ ነው። በውስጣችን የሚያልቀውን ነገር፥ ገንዘብም ሆነ ጤና ወይም በትምህርት የወደቅንበት ነጥብ፥ ሳይዘገይ ለክተን ለሚወዱን ሰዎች እንንገር። ጢሱ ለሰው ሁሉ እስኪታይ አንጠብቅ።

አባቴ ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብበው ስለ እርሳቸው የጻፍሁት ሁሉ እንዲወጣ ፈቅደውልኛል። አሁን በየእሑዱ ጠዋት ዘይቱን የምለካው እኔ ነኝ። ደብተሩም የሚቀመጠው ሁላችንም በምናየው በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ነው።